ኮከብና የልብ መቀራረብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፍቅርና ትዳር መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ኮከብ ያልተጠየቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ጠያቂዎቹ ለጨዋታ ብለው አይደለም የሚጠይቁኝ። ብዙዎቹ የሚወዱት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ የራቃቸው ናቸው። ኮከቡን የሚያጣሩት ሰውየውን ለመረዳት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አክብሬ፣ የማምንበትንም ሳልሸሽግ እመልሳለሁ።

«ኮከባችሁ አይገጥምም» ተባልን። እንለያይ እንዴ?

በዚህ ምክንያትስ አትለያዩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ከመስማታችሁ በፊት ያስቸገራችሁ ምን ነበር? ምንም ካልነበረ አሁንም ምንም የለም። የተጨመረው ፍርሃት ብቻ ነው።

ፍርሃቱን ግን አትናቁት። «አትገጥሙም» የተባለ ሰው ትንሿን ኩርፊያ ሁሉ እንደ ማስረጃ ይይዛታል። ትናንት «ደክሞት ነው» ብላችሁ ያለፋችሁትን ዝምታ ዛሬ «ይኸው፣ ተብሎ ነበር» ትሉታላችሁ። እንዲህ እየተባለ ደህና የነበረ ቤት ይቀዘቅዛል።

ከመጀመሪያውም ችግር ከነበረ ደግሞ ኮከቡ ስም አወጣለት እንጂ አልፈታውም። ጠባችሁ በገንዘብ ከሆነ ስለ ገንዘብ፣ በቤተሰብ ከሆነ ስለ ቤተሰብ፣ በመኝታ ከሆነ ስለ መኝታ ነው መነጋገር ያለባችሁ።

ለመሆኑ ገጠመ፣ አልገጠመ የሚባለው በምን ተሰልቶ ነው?

እንደየአገሩ ይለያያል። በምዕራባውያኑ ቆጠራ ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍበት የሰማይ መንገድ ለ12 እኩል ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ 30 ዲግሪ ነው። ክፍፍሉን ያወጡት ባቢሎናውያን ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ገደማ። ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። «ኮከቤ አሰድ ነው» ስንል በተወለድንበት ቀን ፀሐይ በዚያ ክፍል ነበረች ማለታችን ነው።

ኮከቦቹ በእሳት፣ በመሬት፣ በአየርና በውሃም ይመደባሉ። ከዚያ በሁለቱ ሰዎች ኮከቦች መካከል ያለው ርቀት ይታያል። ሐመልና አሰድ 120 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ሁለቱም የእሳት ኮከብ ናቸው፣ ስለዚህ ይስማማሉ ይባላል። ሐመልና ሸርጣን ደግሞ በ90 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ አንዱ እሳት፣ አንዱ ውሃ፣ ስለዚህ ይጋጫሉ ይባላል። በ2ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ሊቅ በጥሊሞስ ጋብቻ የሚጸናው የባልና የሚስት ፀሐይና ጨረቃ ተስማምተው ሲገኙ ነው ብሎ ጽፏል። ዛሬም ኮከብ ቆጣሪዎች የሁለት ሰው ሰንጠረዥ፣ ማለትም ሲወለዱ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የነበሩበትን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል፣ አስተያይተው የሚያነቡት ያንኑ ሐሳብ ይዘው ነው።

በህንድ ዋናዋ ጨረቃ ናት። የጨረቃ መንገድ ለ27 ይከፈላል፤ ከዚያ የጥንዶቹ ነገር ከ36 ነጥብ ይሰላል። 18ና ከዚያ በላይ ያገኘ ጥሩ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ህንዶቹም 12ቱን ኮከቦች ይቆጥራሉ፤ ግን ሁለቱ ቆጠራዎች የሚነሱበት ነጥብ አንድ አይደለም። ዛሬ በመካከላቸው 24 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ የምድር ዘንግ በ26 ሺህ ዓመት ገደማ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የመጣ ልዩነት ነው። ለምሳሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 1 የተወለደ ሰው በአንዱ ቆጠራ ሐመል ነው፣ በሌላው ሑት። ያው ሰው፣ ያው ሰማይ። «አይገጥምም» ተብላችሁ ያለቀሳችሁ ሁሉ ይህን ብታውቁ ደስ ይለኛል።

ፀሐይ ብቻ አይበቃም፤ ጨረቃና ቬነስም መታየት አለባቸው ይላሉ። ለምን?

ኮከብ ቆጣሪዎች ስለ ስሜት ሲያወሩ ከፀሐይ ይልቅ ወደ ጨረቃ ያዘነብላሉ። በእነሱ አነጋገር ጨረቃ ማለት ሰው ሲከፋው ምን እንደሚያረጋጋው፣ እንዴት መጽናናት እንደሚፈልግ ነው። ቬነስ ፍቅሩን የሚገልጽበት መንገድ ናት። ማርስ ፍላጎቱና ቁጣው ነው።

ስሌቱ ራሱ የሥነ ፈለክ ሐቅ ነው። ጨረቃ አንዱን ኮከብ በ2 ቀን ከሩብ ገደማ፣ ሁሉንም ደግሞ በ27 ቀን ከጥቂት ሰዓት ታዳርሳለች። ስለዚህ በአንድ ሳምንት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ጨረቃቸው ሊለያይ ይችላል። ቬነስ ከምድር ስትታይ ከፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ አትርቅም። ፀሐዩ አሰድ የሆነ ሰው ቬነሱ ከገውዝ እስከ ሚዛን ባሉት ውስጥ ነው የምትውለው፤ ደለዊ ልትሆን አትችልም። ሰማዩ በትክክል ይቆጠራል። ጥያቄው ከቁጥሩ ተነሥቶ «ስለዚህ ስሜቷ እንዲህ ነው» ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ክፍል ትልቁ ሀብት ጥያቄዎቹ ናቸው። ሲከፋህ ምን ያረጋጋሃል? ፍቅርን የምትገልጪው በቃል ነው ወይስ በሥራ? ስትናደድ ትጮሃለህ ወይስ ትሸሻለህ? አብረው 10 ዓመት ኖረው እነዚህን ያልተጠያየቁ ጥንዶች አሉ።

የተወለድኩበትን ሰዓት አላውቅም። ችግር አለው?

ሲወለዱ በምሥራቅ አድማስ ይወጣ የነበረው ኮከብ በ2 ሰዓት ገደማ ስለሚቀያየር ያለ ሰዓት እሱን ማወቅ አይቻልም። ፍቅራችሁን በተመለከተ ግን ምንም አያጎድልባችሁም።

ነገሩ ተጠንቷል? ውጤቱስ?

ተጠንቷል፣ ያውም ደጋግሞ። በሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1968 የተጋቡ 2,978 ጥንዶችና የተፋቱ 478 ጥንዶች ኮከብ ታይቶ ነበር። ይገጥማሉ የተባሉት አብዝተው አልተጋቡም፤ አይገጥሙም የተባሉትም አብዝተው አልተፋቱም። ዴቪድ ቮስ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ከእንግሊዝና ዌልስ የ2001 የሕዝብ ቆጠራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጥንዶችን ወስዶ አየ። ኮከብ በምርጫቸው ላይ ምንም ሚና አልነበረውም። 10 ሚሊዮን ቀላል ቁጥር አይደለም። ትንሽ እንኳ ግፊት ቢኖር ኖሮ እዚያ ላይ ይታይ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ የካርል ዩንግ ሙከራ ነው። ዩንግ ኮከብ ቆጠራን በቁም ነገር የሚመለከት የሥነ ልቦና ሰው ነበር። የ483 ጥንዶችን ሰንጠረዥ በየተራ መረመረ። በመጀመሪያዎቹ 180 ላይ የጥንቶቹ ሊቃውንት የጻፉት የፀሐይና የጨረቃ መገናኘት ጎልቶ ወጣለት። ቀሪዎቹ ሲጨመሩ ግን ነገሩ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ዩንግም ይህን ሳይደብቅ ጻፈ። እንዲሆን የምንፈልገውን ነገር መጀመሪያ ላይ ማየት ለማንም ቀላል ነው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ፕላኔቶች ሁለት ሰዎችን ያቀራርባሉ ወይም ያራርቃሉ ብዬ አላምንም። ኮከብን የሚወድ ሰው ግን ሞኝ ነው ብዬ አላምንም። የሚፈልገው ነገር እውነተኛ ነው፤ መታወቅና ማወቅ።

ታዲያ ስለ እኔ የተጻፈው ለምን ልክክ ይላል?

ብዙ ሰው ላይ ልክክ እንዲል ሆኖ ስለተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጠና ለየብቻቸው «የእናንተ ባሕርይ ይህ ነው» የሚል ወረቀት አደላቸው። እነሱም ምን ያህል ልክ እንደሆነ ከ5 ሰጡት። አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። አብዛኛውን ቃል የወሰደውም ከአንድ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፣ ራስህን ትተቻለህ፣ ላይህ የተረጋጋ ውስጥህ የሚጨነቅ ነህ። ይህ የማን ታሪክ ያልሆነ አለ?

ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ለፍቅር የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ1970ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚሰጡት መልስ ከኮከባቸው ጋር ትንሽ ይገጥም ነበር። ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን የሚገጥመው ስለ ኮከባቸው ባሕርይ አስቀድመው በሚያውቁት ላይ ሆኖ ተገኘ። በማያውቁት ላይ የለም። «አንቺ ስሜትሽን የማታወጪ ኮከብ ነሽ» እየተባለች ያደገች ልጅ አንድ ቀን እውነትም ስሜቷን ማውጣት ትተዋለች።

የውሃ ኮከቦች ጥልቅ፣ የአየር ኮከቦች ቀዝቃዛ ናቸው የሚባለውስ?

ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውሃ ናቸው፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ አየር። እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ደስ ይላል። አንዳንዱ ሰው ስሜቱን መጀመሪያ ያለቅሰዋል፣ ከዚያ ይረዳዋል። አንዳንዱ መጀመሪያ ያወራዋል፣ ከዚያ ይሰማዋል። ሁለቱም ዓይነት ሰው በ12ቱም ኮከቦች ውስጥ አለ። የሚያወራው ቀዝቃዛ ስለሆነ አይደለም፤ መንገዱ ይለያል እንጂ። ይህን ሳያውቁ «አንተ ምንም አይሰማህም» ተባብለው የሚቆሳሰሉ ጥንዶች ያሳዝኑኛል።

ባለቤቴ የሆዱን አይናገርም። ጀዲ ስለሆነ ነው?

ይህን ጥያቄ የምመልሰው ከራሴ ሕይወት ተነሥቼ ነው።

ጀዲ የሆነ ፍቅረኛ ነበረኝ። ጀዲ ማለት ሥራ ወዳድ፣ ቁጥብ፣ ስሜቱን የማያሳይ ነው ይባላል። እሱም እንደዚያ ይመስል ነበር። ሲከፋው ዝም ይላል፣ ሥራ ያበዛል። እኔም «ጀዲ ነዋ» እያልኩ እተወው ነበር። እንዲያውም አስተዋይ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አልጨቀጭቀውም፣ ባሕርዩን ተቀብዬለታለሁ ብዬ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን ሆንክ?» ብዬ ጠይቄ መልሱን ቁጭ ብዬ የጠበቅኩበት ቀን አልነበረም።

አንድ ማታ እሱ ራሱ አነሣው። «አትጠይቂኝም እኮ» አለኝ። «የማትጠይቂኝ ግድ ስለማይሰጥሽ ነው ብዬ ነው ዝም የምለው።» እኔ ዝምታውን እያከበርኩለት ነው ብዬ ነበር። እሱ ደግሞ ዝም ያለው ስላልጠየቅኩት ነው። ለካ ሁለታችንም እየጠበቅን ነበር። ያን ማታ እስኪነጋ አወራን። ሰውየው ወሬ አያልቅበትም።

ስለዚህ ለጠያቂዬ የምለው ይህን ነው። ባለቤትሽ የሆዱን የማይናገርበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሆኖ ሲያለቅስ ተስቆበት ይሆናል። አንድ ጊዜ የነገረሽ ነገር በጠብ መሐል ተመልሶ ተወርውሮበት ይሆናል። የሥነ ልቦና ሰዎች ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ፣ ሃዛንና ሼቨር ከጻፉት ወዲህ፣ በልጅነት ከአሳዳጊ ጋር የነበረን ቁርኝት በትልቅነት ፍቅር ላይም እንደሚታይ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ተጠግቶ የተገፋ ልጅ ራቅ ማለትን ይማራል። ያ ደግሞ በዲሴምበርም በጁላይም ለተወለደ ሰው ይደርሳል።

ስትጠይቂው ፊት ለፊት አፍጥጠሽ አይሁን። ጎን ለጎን ሆናችሁ፣ ስትራመዱ ወይም ዕቃ ስታጥቡ ቢሆን ይቀለዋል። «ለምን አትነግረኝም?» ከማለት «ዛሬ ከብዶህ የዋለው ምን ነበር?» ይሻላል። ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ሲረዝም አንቺ አትሙዪው። ከባዱ እሱ ነው።

ስለ ኮከብ ማውራቱ ራሱ አያቀራርብም?

ያቀራርባል! ይህንን ከልቤ ነው የምለው። ብዙ ሰው «እፈራለሁ» ብሎ መጀመር ያቅተዋል። «ሸርጣኖች መተው ይፈራሉ ይላል፣ እኔ ላይ እውነት ነው» ማለት ግን ይችላል። ኮከቡ መሸፈኛ ሆነለት። ከመሸፈኛው ጀርባ የተናገረው ግን የራሱን እውነት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ጥናት ይህን ያስረዳልኛል። የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀመጡና 36 ጥያቄ ሰጧቸው። ጥያቄዎቹ ቀለል ብለው ይጀምሩና እየጠለቁ ይሄዳሉ። 45 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። እነዚህ ሰዎች ተራ ወሬ ካወሩት ይልቅ በጣም ተቀራርበው ተነሡ። ያቀራረባቸው ተራ በተራ እየተገለጡ መሄዳቸው ነው።

ኮከብንም እንደዚሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ስለ ኮከባችሁ የተጻፈውን አብራችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ባለቤቱ ይፍረድ፦ «ይሄ እኔን ነው»፣ «ይሄ አይደለም»። «ይሄ እኔን ነው» ካለች «መቼ ታየብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር። ማንም ስለ ሌላው አይፈርድም። «አይደለሁም» ካለ አይደለም፤ በቃ። «ኮከብህ እኮ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ መከራከር የተከፈተውን በር መልሶ መዝጋት ነው።

ፍቅረኛዬ አቅራብ ስለሆነ በጣም ይቀናል። እንዴት ልቻለው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ይቀናል» ሲባል ምን ማለት ነው? ስልክሽን ይፈትሻል? ከጓደኞችሽ አራቀሽ? የት እንደዋልሽ በየሰዓቱ ይጠይቃል? ያስፈራራሻል? እነዚህ የኮከብ ባሕርይ አይደሉም። እሱ መርጦ የሚያደርጋቸው ናቸው። ከመጪ ሳምንት ጀምሮም ላያደርጋቸው ይችላል። «አቅራብ ስለሆነ ነው» ባልሽ ቁጥር ኃላፊነቱን ከእሱ ትከሻ አውርደሽ ሰማይ ላይ ትሰቅይለታለሽ። እጁን አንሥቶብሽ ከሆነ ደግሞ «እንዴት ልቻለው» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፤ ደህንነትሽ ይቅደም። ይህን የምለው ለወንዶችም ነው።

እኔ አምናለሁ፣ እሷ ትስቅብኛለች። ምን ይሻለናል?

በኮከብ ማመን አለማመን ራሱ አያራርቅም። መሳለቅ ነው የሚያራርቅ። ለምትስቀው የምለው፦ «ለምን ይመችሃል?» ብለሽ አንድ ጊዜ ከልብሽ ጠይቂው፤ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል፣ ግራ የገባው ነገር ሊኖር ይችላል። ለሚያምነው ደግሞ፦ እሷ ያልተስማማችበትን ሰንጠረዥ ይዘህ በእሷ ላይ አትወስን። የሠርግ ቀንም፣ የልጅ ነገርም፣ ቤት መቀየርም የሁለታችሁ ጉዳይ ነው።

ሜርኩሪ ወደ ኋላ ሲሄድ የምንጣላው ለምንድን ነው?

ሜርኩሪ በእውነት ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከምድር ሲታይ ነው እንደዚያ የሚመስለው። በዓመት 3 ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው ለ3 ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ከዓመቱ ሁለት ወር ያህል ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ የማይጣላ ጥንድ የለም። የቀሩትን ጠቦች ስለማንቆጥራቸው ነው።

ኮከብ ቆጣሪ ጋ አብረን ብንሄድስ?

ለጨዋታም ይሁን ለመነጋገሪያ ከሄዳችሁ አልቃወምም። ጥሩ አድማጭ የሆኑ አሉ። ሰው በጥሞና ሲሰማችሁ ደግሞ ልብ ይቀላል። «ድግምት አለባችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉና ልፍታላችሁ» ካሏችሁ ግን ተነሥታችሁ ውጡ። ሞት፣ ፍቺ ወይም መካንነት ቀን ተቆርጦለት ከተነገራችሁም እንደዚሁ። ችግራችሁ የጠነከረ ከሆነ ገንዘቡን ለትዳር አማካሪ ባለሙያ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ከተራራቅን ቆይተናል። ከየት እንጀምር?

ከትንሽ ነገር። የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን ጥንዶችን ለዓመታት ሲከታተል ሰዎች ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ጥሪ እንደሚያሰሙ አስተዋለ። «ያቺን ወፍ አየሃት?» ማለት ጥሪ ነው። በረጅሙ መተንፈስም ጥሪ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ አብረው የቆዩት፣ አዲስ ተጋቢ ሳሉ ከ100 ጥሪ ለ86ቱ ዞር ብለው መልስ የሰጡ ነበሩ። የተለያዩት የመለሱት 33ቱን ነበር። ለማየትም ለመቁጠርም ቀላል ነገር ነው።

ዛሬ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት። እሷ ስለ ውሎዋ አንድ ነገር ስትናገር አትምከር፣ አታርም፤ «ከዚያስ?» በላት። ስትጨርስ አንድ ተጨማሪ «ከዚያስ?» ጨምር። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው።